ችግኝን ከሥሩ እንየው

(በግንቦት ወር ደብረ ብርሃን ላይ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለማኅበር አባላት ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ እንጂ የአነጋገሩን መልክ አልለወጥኩም።)

እንደምን ዋላችሁ፤ እናቶች፣ አባቶች፣ መምህራን፣ ልጆች።

ግንቦት ላይ መገናኘታችን ጥሩ ነው። ዛሬ የማወራው ነገር ሐምሌ ላይ ቢነገር ብዙም አይጠቅምም። ያኔ ሁሉም ሰው ችግኝ ይዞ ወደ ተራራ ይወጣል፤ ለመስማት ጊዜ የለውም። አሁን ግን ጉድጓዱ ገና እየተቆፈረ ነው፤ ችግኙም ገና መደብ ላይ ነው። የሚስተካከል ነገር ካለ ይስተካከላል።

የምለው ነገር አንድ ነው። እኛ ችግኝን የምናየው ከላይ ነው። ቅጠሉ ካማረ፣ ቁመቱ ዘለግ ካለ "ጎሽ" እንላለን። የሚኖረውና የሚሞተው ግን ከታች ነው፤ በሥሩ። በተለይ እንደኛ ባለ አገር፣ ክረምቱ እንደወጣ ድርቁና ውርጩ ተከታትለው በሚመጡበት ደጋ፣ ችግኙ ይጸድቅ እንደሆነ የሚወስነው መስከረም ሲጠባ ሥሩ የት ደርሷል የሚለው ነው።

ዛፍ መትከል ለሰሜን ሸዋ እንግዳ ነገር አይደለም። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን ዘር አስወስደው የመናገሻን ተራራ ጽድ እንዳስለበሱት በትውፊት ይነገራል። ከአንኮበር ተነሥተው እንጦጦ የከተሙት ዐፄ ምኒልክ ደግሞ በ1880ዎቹ ባሕር ዛፍን ከውጭ አስመጡ። በእኛ ዘመን፣ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። መትከሉን ለምደነዋል ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው ግንቦት ላይ ስንቱ ቆሞ ተገኘ የሚለው ቁጥር ግን እንደ ተከላው ቁጥር በአደባባይ ሲነገር አይሰማም። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄኛው ቁጥር ነው።

ከዘሩ እንጀምር። ብቅል አብቅላችሁ የምታውቁ እናቶች የመጀመሪያውን ትምህርት እዚያው እቤታችሁ ጨርሳችሁታል። ገብሱ ይነከራል። ውሃውን ጠጥቶ ያብጣል። ከውሃው ወጥቶ በቅጠል ሲሸፈን በሁለት በሦስት ቀን ከአንዱ ጫፉ ነጭ ነገር ብቅ ይላል። እሱ ቅጠል አይደለም፣ ሥር ነው። ገብስም ይሁን ዝግባ መጀመሪያ የሚልከው ሥሩን ነው። ብርሃን ከመፈለጉ በፊት ውሃ ይፈልጋል። ቀና ከማለቱ በፊት መሬት ይይዛል።

ብቅሉ ደርቆ ሲቀመስ ደግሞ ጣፈጥ ይላል። ጥሬው ገብስ ግን እንዲህ አይጣፍጥም። ምን መጣ? ዘሩ ውሃ ሲያገኝ በውስጡ ያሉ ኢንዛይሞች ሥራ ይጀምራሉ። ተከማችቶ የኖረውን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጡታል። ፅንሱ የሚያድገው ያንን ስኳር እየበላ ነው። ዘር ስንቁን ይዞ ነው የሚወለደው። ስንቁ እስኪያልቅ አብዛኛው ዘር ፀሐይም ማዳበሪያም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ውሃ፣ አየርና ሙቀት ነው። ውሃው ሲበዛ አየሩ ይጠፋና ዘሩ ይበሰብሳል። እኛ ዘንድ የሚያጥረው ግን ሙቀቱ ነው። በታኅሣሥና በጥር ደብረ ብርሃን ላይ የተዘራ ዘር ብቅ ሳይል ቢቆይ፣ ሞቷል ብላችሁ መደቡን ለመገልበጥ አትቸኩሉ። በርዶት ሊሆን ይችላል።

ስንቁ ትንሽ የሆነ ዘር በጥልቀት ከተቀበረ ብርሃን ሳያይ ስንቁን ይጨርሳል። ስለዚህ አንድ ዘር ከውፍረቱ ሁለት ሦስት እጥፍ በላይ አፈር ባይጫንበት ይመረጣል። የባሕር ዛፍና የኮሶ ዘር እጅግ ደቃቅ ነው። ከአሸዋ ጋር ተደባልቆ ይነሰነሳል፤ ላዩ ላይ ስስ አፈር ብን ይደረግበታል፤ በቃ።

ጠንካራ ልባስ ያላቸው ዘሮች ሌላ ጉዳይ ናቸው። የግራር ዘር ልባሱ ውሃ አያስገባም። ፈልቶ ከእሳት የወረደ ውሃ ይፈስበትና እዚያው ውስጥ ቀዝቅዞ እስከ ማግስቱ ይቆያል። የወይራ ፍሬ ውስጡ ድንጋይ መሳይ ነገር አለው፤ ዘሩ ሳይጎዳ ሰንጠቅ ሊደረግ ይገባል። ዝግባ ወራት ይፈጃል፤ ትዕግሥት የሌለው ሰው ባይነካው ይሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ጽድ፣ ዝግባና ኮሶ ወንድና ሴት ዛፍ አላቸው። ፍሬ የሚገኘው ከሴቷ ነው። ከቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ ያለ አንድ ትልቅ ጽድ ዓመት ከዓመት ፍሬ ባታዩበት መካን ሆኖ አይደለም፤ ወንድ ነው። ዘር ስትለቅሙ ደግሞ ከአንድ እናት ዛፍ ብቻ አትልቀሙ። ከብዙ ዛፍ፣ ተራርቀው ከቆሙ ዛፎች ልቀሙ። ከአንዲት እናት የወጣ ደን በሽታ ሲመጣ አንድ ላይ ይወድቃል።

አሁን ሁለት ዘር እናስተያይ፤ ባቄላና ማሾ። ባቄላ የኛ የደጋው ነው። ማሾ የሸዋ ሮቢትና የአጣዬ የቆላው ነው። ልጆች፣ ቤት ስትሄዱ ሁለቱንም በጣሳ ዝሩና እዩ። ማሾው ሲበቅል ጎበጥ ብሎ አፈሩን ይሰነጥቃል። ቀና ሲል ሁለቱን ክኮች ይዟቸው ይወጣል። ባቄላው ግን ክኮቹን እዚያው አፈር ውስጥ ትቶ ቅጠሉን ብቻ ይልካል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ውርጭ ያደረ ዕለት ግን ትልቅ ነው። ባቄላው ከላይ ቢቃጠል ወይም በግ ቢቀነጥበው፣ ከታች ከክኮቹ አጠገብ ካለው ዓይን እንደገና ሊያቆጠቁጥ ይችላል። ማሾው ዓይኖቹን ሁሉ ይዞ ወጥቷል። ከክኮቹ በታች ከተቆረጠ አበቃ።

ገብስም ከባቄላው ወገን ነው። አገዳ እስኪያወጣ ድረስ የሚያድግበት ነጥብ ከአፈሩ በታች ነው ያለው። ቅጠሉ ቢገረፍም እሱ ይተርፋል። የዛፍ ችግኝ ግን የሚያድግበትን ዓይን አናቱ ላይ አድርጎ፣ ለሰማይ ገልጦ ነው የሚቆመው። ስለዚህ ማሳችሁ ላይ ገብሱ ብርዱን ችሎ አድሮ፣ ድንበሩ ላይ የተከላችሁት ችግኝ ጠቁሮ ብታገኙት አትገረሙ። ሁለቱ አበቃቀላቸው አንድ አይደለም፤ ጥበቃቸውም አንድ ሊሆን አይችልም።

ወደ መደቡ እንመለስ። ዘሩ ከበቀለ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ብዙ ችግኝ ያልቃል። ማታ ቆሞ የነበረው ጠዋት ተኝቶ ይገኛል። ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት ግንዱ ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ቀጥኖ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ረጥቧል። ይህ የፈንገስ ሥራ ነው። ፈንገሱን የሚጠራው ደግሞ እኛ የምናበዛው ውሃ ነው። መደቡ ሁልጊዜ ከራሰ፣ ዘሩ ተጠጋግቶ ከተዘራ፣ ጥላው ከከበደ፣ አየር ካልገባ፣ ፈንገሱ ቤቱን አገኘ ማለት ነው። መድኃኒት ከመፈለግ በፊት ውሃውን ቀንሱ። ጥላውን ገለጥ አድርጉ። የተጠጋጋውን አሳሱ። ብርድ ባለበት አገር ማታ ከማጠጣት ጠዋት ማጠጣት ይሻላል፤ ቅጠሉ ሳይመሽ ይደርቃል።

ችግኙ ዋና ቅጠሎቹን ሁለት ወይም አራት ካወጣ በኋላ ወደ ፕላስቲኩ፣ አፈር ወደተሞላው ትንሽ ከረጢት፣ ይዛወራል። ይህ ሥራ እጅ ይፈልጋል። ችግኙን በግንዱ አትያዙት። ለጋው ግንድ በጣታችሁ ከተጨመቀ አይድንም። በቅጠሉ ያዙት፤ ቅጠል ቢጎዳ ሌላ ያወጣል። በቀጭን እንጨት ጉድጓድ አድርጉና ሥሩን ቀጥ አድርጋችሁ አውርዱት። ጉድጓዱ አጭር ሆኖ የሥሩ ጫፍ ወደ ላይ ከታጠፈ ያ መታጠፍ ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል። ከዚያ አፈሩን ከጎን ጠበቅ አድርጉት። ሥራው ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ በረድ ሲል ቢሆን ይመረጣል። የሥሩ ጫፍ አካባቢ ለዓይን የሚያስቸግሩ ደቃቅ ፀጉሮች አሉ። ውሃውን በአብዛኛው የሚመጥጡት እነሱ ናቸው። ፀሐይና ነፋስ ላይ ከወጡ ለመድረቅ ደቂቃ አይፈጅባቸውም። የሚዛወረውን ችግኝ በእርጥብ ጆንያ ሸፍናችሁ ያዙ።

የፕላስቲኩ አፈር በተለምዶ 3 እጅ የአካባቢ አፈር፣ 2 እጅ ብስባሽ፣ 1 እጅ አሸዋ ነው። አፈራችሁ እንደ ጅሩ ዋልካ ከሆነ አሸዋውን ጨመር አድርጉ። ከደን ውስጥ የተወሰደ ጥቂት አፈር ቢጨመር ደግሞ ለጽድና ለዝግባ ብዙ ይጠቅማል። ቅድም ፈንገስን ከስሼ ነበር። ሁሉም ፈንገስ ግን ጠላት አይደለም። ከዛፍ ሥር ጋር ተስማምተው የሚኖሩ አሉ። ሥሩ ሊደርስበት ከማይችልበት ቦታ ውሃና ፎስፈረስ ያመጡለታል። ዛፉ ደግሞ ስኳር ይሰጣቸዋል። የደን አፈር ይዟቸው ይመጣል።

አሁን ይህን ልብ ብላችሁ እዩልኝ። ሁለት ችግኝ ይዤ መጥቻለሁ። ሁለቱም ጽድ ናቸው። አንደኛው እስከ ጉልበቴ ይደርሳል፣ ሌላው ከስንዝር ብዙም አይበልጥም። የቱን ትመርጣላችሁ? (አብዛኛው ሰው ረጅሙን አለ።) እሺ። ፕላስቲኩን በምላጭ እንቅደደው።

የረጅሙን ሥር እዩ። ታች ደርሶ መውጫ አጣ። ታጠፈ። ዞረ። እንደገና ዞረ። ፕላስቲኩ ሥር የተጠቀለለ ክምር ሆኗል። አንዱ ወፍራም ሥር ደግሞ በቀዳዳው ወጥቶ መሬት ውስጥ ገብቶ ነበር። ቁመቱን ያስረዘመው እሱ ነው፤ ከመደቡ አፈር ሲጠጣ የከረመው በእሱ በኩል ነው። ችግኙ ሲነሣ ግን ተበጠሰ። ይህ ችግኝ ነገ ቢተከል ያን ሁሉ ቅጠል የሚያጠጣበት ሥር የለውም። ቢተርፍ እንኳ የተጠቀለለው ሥር እየወፈረ ሲሄድ ራሱን ያንቃል። ከዓመታት በኋላ ነፋስ ሲገፋው ይወድቃል፤ ሰውም "ነፋሱ ጣለው" ይላል።

አጭሩን እዩ። አፈሩ አልፈረሰም፤ ደቃቅ ሥሮች አቅፈው ይዘውታል። ጫፋቸው ነጭ ነው። ነጭ ጫፍ እያደገ ያለ ሥር ነው። ግንዱን ከታች ንኩት፤ ወፍራምና ደረቅ ያለ ነው። ደጋ ላይ የሚጸድቀው ይሄ ነው።

ሁለቱን የለያቸው አያያዝ ነው። የአጭሩ ሥር በየጥቂት ሳምንቱ ተገርዟል። ፕላስቲኩ ከመሬት ብድግ ይደረግና በቀዳዳው የወጣው ሥር በመቀስ ይቆረጣል። ከዚያ ወዲያው በደንብ ይጠጣል። ዋናው ሥር ሲቆረጥ ችግኙ ውስጥ ውስጡን ብዙ ደቃቅ ሥር ያበዛል። ሊተከል ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሲቀረው ደግሞ ጥላው ቀስ በቀስ ተነሥቶለታል፣ ውሃው ቀንሶበታል። ማለማመድ የምንለው ይህ ነው። እስከ መጨረሻው ቀን በጥላና በውሃ ተሞላቅቆ የኖረ ችግኝ ሐምሌ ላይ ጣርማበር ተራራ ላይ ብታቆሙት ምን ይሁን? ችግኝ ስትገዙ ወይም ስትረከቡ ከመቶው አንዱን አስቀድዳችሁ ሥሩን እዩ። ማንም ቅር ሊለው አይገባም።

ሥሩ ተጠቀለለ ብላችሁ ደግሞ ችግኙን ሁሉ አትጣሉ። ገና ቀጭን ከሆነ የታችኛውን ጠርዝ አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ከነአፈሩ በምላጭ ቆርጣችሁ ትከሉት።

ተከላውን ባጭሩ ላሳልፈው፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ጉድጓዱ 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው። ቀድሞ መቆፈሩ ይጠቅማል፤ አፈሩ ፀሐይ ይመታዋል፣ የመጀመሪያው ዝናብ ይገባበታል። የላዩን ጥቁር አፈር ለብቻ አስቀምጡና ስትተክሉ እሱን ከሥሩ ጋር አድርጉት። ፕላስቲኩ ሳይወልቅ አይተከልም። ይህን መናገር ያሳፍራል፤ ግን ዛሬም ከነፕላስቲኩ የሚተከል አለ። የወለቀውን ፕላስቲክ ሰብስቡ፤ በግ ይበላዋል። ችግኙ መደቡ ላይ ከነበረበት ጥልቀት በላይ አትቅበሩት። አፈሩን በእግራችሁ ረገጥ ረገጥ አድርጉት። በሥሩና በአፈሩ መካከል ባዶ ቦታ ከቀረ ሥሩ አየር ውስጥ ተንጠልጥሎ ይደርቃል። ተዳፋት ላይ ከሆነ ከታች በኩል በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ውሃ የሚያቆር ክትር ሥሩለት። ረግረጋማ ዋልካ ላይ ግን ተቃራኒውን አድርጉ፤ አፈሩን ጉብ አድርጋችሁ ከላዩ ትከሉ። ሥርም ይተነፍሳል፤ ውሃ ውስጥ ከሰነበተ ይታፈናል።

ቀኑ ላይ ግን ልቁም። መሬቱ አንድ አካፋ ያህል ወደ ታች ሲርስ ነው የሚተከለው። ለደጋው ይህ ብዙ ጊዜ ሐምሌ መጀመሪያ አካባቢ ነው። ነሐሴ አጋማሽን አትለፉ። እንዲህ የምለው ለሥሩ ብዬ ነው። ሐምሌ 5 የተተከለና ነሐሴ 28 የተተከለ ችግኝ መስከረም ላይ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ከታች ግን አንዱ ወደ ሁለት ወር ሥር ሰድዷል፣ አንዱ ገና ከጉድጓዱ አልወጣም። ጥቅምት ሲገባ የላዩ አፈር ይደርቃል። ታች ያለው እርጥበት ጋ የደረሰው ይጠጣል። ያልደረሰው ደርቆ ይቀራል።

ቀጥሎ ውርጩ ይመጣል። ክረምት ላይ ደመናው ሙቀቱን ስለሚይዘው ሌሊቱ ያን ያህል አይበርድም። ከጥቅምት ጀምሮ ግን ሰማዩ ጥርት ይላል። መሬቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ይለቀዋል። ቅጠል ከአካባቢው አየር በላይ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ይከብዳል። እንደ ውሃ ተዳፋቱን ተከትሎ ይወርድና ሜዳውና ጎድጓዳው ላይ ይተኛል። አመዳዩ ጠዋት የሚነጣው እዚያ ነው። ጉብታው ላይ ያለው ተርፎ ዝቅ ያለው የሚቃጠለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ኮሶና ጽድ የምትተክሉ ከሆነ ከጎድጓዳው ሜዳ ጎን ያለውን ተረተር ምረጡ።

ጉዳቱ የሚብሰው ጠዋት ነው። የቀዘቀዘ ቅጠል ላይ ፀሐይ ድንገት ሲያርፍበት በረዶው በፍጥነት ይቀልጣል፤ የቅጠሉም ሕዋስ ይበልጥ ይጎዳል። ከምሥራቅ በኩል ጥላ የሚሰጥ ነገር፣ የድንጋይ ካብም ይሁን የሣር ክዳን፣ ብዙ ያድናል። ግቢ ውስጥ ላሉት ችግኞች ማታ ጆንያ ወይም ሣር አልብሱና ፀሐይ ሞቅ ሲል ግለጡ። ሽፋኑ ቅጠሉን ባይነካው ይሻላል፤ በአራት እንጨት ከፍ አድርጉት። አፈሩ ደርቆ ከሆነ ቀን ላይ አጠጡት። እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ይልቅ ሙቀት ይይዛል፣ ሌሊትም ቀስ እያለ ይለቀዋል። ጉዝጓዝ እርጥበት ለመያዝ ግሩም ነው፤ የገለባም የሣርም ይሆናል። ብቻ ከግንዱ አራት ጣት ያህል አርቁት፤ ከተጠጋ አይጥም ብስባሴም ያመጣል።

ውሃ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማርከፍከፍ ሥሩን ላይ ላዩን ያለምደዋል። በሳምንት አንድ ጊዜ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ይሻላል፤ ሥሩ ውሃውን ተከትሎ ይወርዳል። ባዶ ሃይላንድ ክዳኑን በመርፌ ብሱት፣ ቂጡን ቁረጡ፣ ዘቅዝቃችሁ ከችግኙ አጠገብ ቅበሩት። ስትሞሉት ውሃው ቀስ እያለ ወደ ሥሩ ይንጠባጠባል። ለግቢና ለትምህርት ቤት ችግኝ ከዚህ የተሻለ ርካሽ ነገር የለም።

ከብቱስ? አዝመራው ተሰብስቦ ከብት በልቅ ሲለቀቅ ውርጭ ያልነካውን በግ ይጨርሰዋል። እዚህ ላይ "ሕዝቡ አይሰማም" የሚለውን ነገር አልቀበልም። መንዝ ጓሳን አስቡ። ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ከ400 ዓመት በላይ ሣሩን በደንብ ሲጠብቅ የኖረ ሕዝብ ነው። ጓሳው ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ተመክሮበት ይከፈት ነበር። ዛሬም ማኅበረሰቡ ይጠብቀዋል። ችግኝ የተተከለበትን አንድ ተራራ ለሦስት ዓመት መዝጋት ከዚህ አይከብድም።

ደግሞ ቁጥቋጦውን አትመንጥሩ። የወይራ ችግኝ ብዙ ጊዜ በተፈጥሮ የሚጸድቀው ቁጥቋጦ ሥር ነው። ከፀሐይ ይጋርደዋል፣ ከፍየልም ይሸሽገዋል። ዝግባም በልጅነቱ ጥላ ይችላል። ወፍ ዋሻ ስትሄዱ ትልልቆቹ ዛፎች ሥር ጎንበስ ብላችሁ እዩ፤ የዝግባ ልጆች እዚያ ናቸው። ኮሶና ጽድ ግን ብርሃን ይፈልጋሉ፤ ገላጣ ስጧቸው። ሁሉንም ዓይነት አንድ ሜዳ ላይ በእኩል ርቀት መደርደር ለፎቶ ያምራል እንጂ ለዛፎቹ አልታሰበም።

ለቆላ ወገኖቼ አጭር ቃል። ከጣርማበር ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ወርዷል። ከኛ ከ1,400 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ በየ100 ሜትሩ ወደ 0.6 ዲግሪ ሙቀት ይጨምራል ብላችሁ አስሉት። እዚያ ጠላቱ ውርጭ ሳይሆን ሐሩርና ምስጥ ነው። የሽንኩርት ችግኝ ከ45 እስከ 55 ቀን ውስጥ ይደርሳል። ሦስት አራት ቅጠል ሲያወጣ፣ ቁመቱ ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ይዛወራል። ሊነቀል ሳምንት ሲቀረው ውሃ ይቀነስበታል፤ በዋዜማው ግን ጠግቦ ይጠጣል፣ ሥሩ ሳይበጠስ እንዲወጣ። በርበሬና ቲማቲምም በዚሁ መንገድ ነው። ሕጉ ከጽዱ ጋር አንድ ነው፤ ሥሩን ሳትጎዱ ማሻገር።

ከንግግሩ በኋላ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ሦስቱን እነሆ።

አንድ አባት "ልጄ፣ ባሕር ዛፉ ማንም ሳይንከባከበው ይበቅላል። ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አባባ፣ ባሕር ዛፍ ሥሩን ፈጥኖ ይሰድዳል። ቅጠሉን ከብት አይወደውም። ቢቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ለማገዶና ለቤት ሥራ ደግሞ የብዙ ሰው ኪስ ነው፤ አላጣጥለውም። ከምንጭና ከእርሻ ማሳ ይራቅ እንጂ ቦታው አለው። ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ግን እንደሱ አይደሉም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ሰው ይፈልጋሉ። እርስዎ ልጅ ሆነው ያዩት ደን እንዲመለስ ከፈለግን ዋጋው ይሄ ነው።

አንዲት እናት ስለ አፕል ጠየቁ። ግቢያቸው የተከሉት ከሥሩ ብዙ ቡቃያ እያወጣ፣ ዋናው ግን አላድግ ብሏቸዋል። እትዬ፣ አፕል የተዳቀለ ነው። የታችኛው ሥር ከአንድ ዓይነት፣ የላይኛው ከሌላ ዓይነት ነው። የተጣበቁበት እብጠት ከአፈር በላይ መታየት አለበት። ከእሱ በታች የሚወጣው ቡቃያ ያልተዳቀለው ነው፤ ምግቡን ይሻማል፣ የፈለጉትን ፍሬ አይሰጥም። ገና ለጋ ሳለ ከመነሻው ያንሡት። እብጠቱ ተቀብሮ ከሆነ ደግሞ አፈሩን ዙሪያውን ይግለጡት።

የመጨረሻው ከአንድ ተማሪ ነበር። "ባለፈው ኅዳር ውርጭ የመታቸው ችግኞች ትምህርት ቤታችን ውስጥ አሉ፤ ነቅለን እንጣላቸው?" አለ። መጀመሪያ ቅርፊቱን በጥፍርህ ጫር አድርገው። ከላይ ጀምረህ ወደ ታች ውረድ። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ያ ክፍል ሞቷል። አረንጓዴና እርጥብ የሆነበት ቦታ ላይ ስትደርስ ሕይወቱ እዚያ ነው ያለው። ከዚያ በላይ ያለውን ቁረጠው። ከሥሩ አጠገብ ሁለት ሦስት ቡቃያ ካወጣ ጠንከር ያለውን አንዱን ትተህ ሌላውን አንሣ። ለሚቀጥለው ዓመት ግን ውርጩ እንደመታው ወዲያው እንዳትቆርጥ፤ የደረቀው ጫፍ ከሚቀጥለው ውርጭ ትንሽም ቢሆን ይከልላል። የበልግ ዝናብ እስኪመጣ ተወው። አሁን ግንቦት ስለሆነ በልጉ አልፏል። እስከ ታች ጭረህ አረንጓዴ ካላገኘህ ንቀለው። ጉድጓዱን ግን አትድፈነው፤ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ሌላ ይገባበታል።